ጥቁሩ ቤት

ዋሽንግተን ዲሲ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት ጠዋት ሥራ፣ ማታ ትምህርት ነበረኝ። ሥራው መሃል ከተማ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገብቼ ቀን 7 ሰዓት ላይ እወጣለሁ። ክላስ የሚጀምረው 12 ሰዓት ነው። መሃሉ ላይ አምስት ሰዓት ይቀራል። ቤቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ሄጄ ልመለስ ብል የባቡሩ ሒሳብ ምሳዬን ይበላዋል። ካፌ ልቀመጥ ብል መግዛት ሊኖርብኝ ነው፤ አንድ ቡና ደግሞ አምስት ሰዓት አያስቀምጥም። ጊዜው ጥር ነበር። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል።

ሁለት ሳምንት ያህል ሱቅ ለሱቅ ስዞር ከረምኩ። የማልገዛውን ጫማ አነሳለሁ፣ አገላብጬ አያለሁ፣ እመልሳለሁ። ትንሽ ስቆይ ሻጩ መጥቶ "ምን ልርዳህ?" ይለኛል፤ እኔም ወጣ እላለሁ።

አብረውኝ የሚሠሩ አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። አንድ ቀን "ለመሆኑ እስከ ማታ የት ነው የምትውለው?" ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። "ታዲያ ጂ ስትሪት ላይ ያለው ጥቁሩ ቤት አትገባም?" አሉኝ። "ቁጭ በል፣ አንብብ፣ ካሰኘህም ዝም ብለህ ተቀመጥ። ማንም ምን ፈለግህ አይልህም።"

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። "ምን ፈለግህ?" የምትለዋን ጥያቄ አገር ቤት ያደገ ሰው በደንብ ያውቃታል። የመሥሪያ ቤት በር ላይ ትጠበቃለህ፣ ትጠየቃለህ፣ ትፈተሻለህ። ተማሪ እያለሁ አዲስ አበባ የምሄድበት አንድ ቤተ መጻሕፍት ነበር። ቦርሳ ውጪ ይቀመጣል። መታወቂያ ይሰጣል። የምትፈልገውን መጽሐፍ ስም ወረቀት ላይ ጽፈህ ለሠራተኛው ትሰጥና ትጠብቃለህ። መደርደሪያው ጋ መሄድ የለም። ስለዚህ ለማንበብ አስቀድመህ የምትፈልገውን ማወቅ አለብህ። ሳላውቅ መጥቼ፣ መደርደሪያ መሃል ተንሸራሽሬ፣ ያላሰብኩት መጽሐፍ እጄ ላይ እንዲወድቅ ማድረግ እንደሚቻል እስከዚያ ጥር ወር ድረስ አላውቅም ነበር።

ጋሼ ያሉኝ ጥቁሩ ቤት የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ የዋሽንግተን ዲሲ ዋናው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት። መጀመሪያ ሳየው የታክስ መሥሪያ ቤት መሰለኝ። ዋሽንግተን የነጭ ድንጋይ ከተማ ናት፤ ዓምድ፣ ጉልላት፣ ደረጃ፣ ሐውልት። ይሄኛው ግን ጥቁር ብረትና ጠቆር ያለ መስታወት ብቻ ነው። ጉልላት የለው፣ ጌጥ የለው፣ ልክ በማስመሪያ የተሠመረ ሣጥን። ሰዎች አስቀያሚ ነው ሲሉ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። እኔም በመጀመሪያው ቀን ብጠየቅ እንደዚያው እል ነበር።

ግን በሩን ልብ በሉ። መሬት ላይ ያለው ፎቅ ከላይኞቹ ወደ ውስጥ ገባ ብሏል፤ ስለዚህ ከላይ ያለው ሕንፃ እንደ በረንዳ ጥላ ይሆናል። ዝናብ ሲመጣ መንገደኛው ሁሉ እዚያ ይጠለላል። ወደ በሩ የሚያወጣ ደረጃ የለም፤ ከእግረኛው መንገድ ቀጥ ብለህ ነው የምትገባው። ጋሪ የሚገፋ፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሁሉ በአንድ በር ይገባል። ግድግዳው መስታወት ስለሆነ ደግሞ ሳትገባ ውስጡን ታየዋለህ። ማን እንዳለ ታያለህ። እንደ አንተ ዓይነት ሰው ተቀምጦ ካየህ ለመግባት ድፍረት ታገኛለህ። እኔ የገባሁት አንድ የጥበቃ ልብስ የለበሰ ሰውዬ መስኮቱ ጥግ ተቀምጦ ጋዜጣ ሲያነብ አይቼ ነው።

ሕንፃውን የነደፈው ሉድቪግ ሚስ ቫን ደር ሮሄ ነው። በ1886 አኸን በምትባል የጀርመን ከተማ ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ ድንጋይ ጠራቢ ነበር፤ እሱም በልጅነቱ አባቱ ጋ ሠርቷል። የሥነ ሕንፃ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አልተማረም። በኋላ ባውሃውስ የሚባለው ዝነኛ የንድፍ ትምህርት ቤት የመጨረሻው ዳይሬክተር ሆነ፤ ትምህርት ቤቱ ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 ተዘጋ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አገሩን ትቶ አሜሪካ ገባና ቺካጎ ተቀመጠ። ሃምሳ ዓመት አልፎት፣ በማያውቀው ቋንቋ፣ እንደ አዲስ የጀመረ ሰው ነው። ኒው ዮርክ ያለው የሲግራም ሕንፃ የእሱ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ የሠራው ሕንፃ ግን ይህ ብቻ ነው፤ ከንድፎቹ ውስጥ ተሠርቶ የቆመው ቤተ መጻሕፍትም ይኸው አንዱ ነው። እሱ ራሱ ተጠናቆ አላየውም። በ1969 ሞተ፤ ቤቱ የተከፈተው በ1972 ነው።

ሚስ ሥራዎቹን "ቆዳና አጥንት" ይላቸው ነበር። በእኛ ቋንቋ ይህ ለከሳ ሰው የሚባል ነው፤ ለእሱ ግን ውዳሴ ነው። አጥንቱ ብረት፣ ቆዳው መስታወት። ሸክሙን ብረቱ ስለሚችለው ግድግዳ አያስፈልግም። እዚህ ቤት ደረጃው፣ ሊፍቱ፣ መጸዳጃ ቤቱና ቧንቧው ሁሉ መሃል ላይ ባሉ የጡብ ማማዎች ውስጥ ተሰብስበዋል። የቀረው ወለል ክፍት ነው። ይህ ክፍል የዚህ ነው፣ ያ ክፍል የዚያ ነው ብሎ አልከፋፈለውም። የሕንፃ አገልግሎት ይለዋወጣል፣ ሕንፃው ግን ይቆያል ብሎ የሚያምን ሰው ነበር።

ይህን ሳነብ ቶሎ የገባኝ በእድር ድንኳን ነው። የሰፈራችን እድር አንድ ትልቅ ድንኳን ነበረው። እሑድ ሰርግ ከተበላበት ማክሰኞ ለቅሶ ይቀመጡበታል። ድንኳኑ ያው ነው። ምሰሶና ሸራ ነው፤ የሚሞላው ሰው ነው። ማንም ደግሞ ለቅሶ ድንኳን በር ላይ ቆሞ ምን ፈለግህ አይልም። ሚስ ስለ እድር የሚያውቀው ነገር የለም። ቢሆንም እኔ ያንን ቤት የማየው በዚያ ዓይን ነው፤ ከመስታወትና ከብረት የተሠራ ድንኳን።

አሁን ስሙ ላይ ልምጣ፤ ምክንያቱም የስሙ ነገር እኛንም ይነካል።

ኪንግ ሚያዝያ 4 ቀን 1968 ሜምፊስ ላይ ተገደለ። በዚያው ምሽት የዋሽንግተን ጥቁር ሰፈሮች ተቆጡ። ነገሩ የጀመረው 14ኛው መንገድና ዩ ስትሪት የሚገናኙበት አካባቢ ነው፤ ከዚያ ወደ 7ኛው መንገድና ወደ ኤች ስትሪት ተዛመተ። ለቀናት ከተማው ነደደ። ከተቃጠሉት ብሎኮች ብዙዎቹ ለአሥርት ዓመታት ባዶ ቆዩ። ቤተ መጻሕፍቱ የሚሠራው እንግዲህ በዚያው ሰሞን ነበር። ከተማው መሃል የሚቆመው ትልቅ ሕንፃ በኪንግ ስም እንዲጠራ የተወሰነው ግንባታው ገና ሳያልቅ ነው።

አሁን ዩ ስትሪትና 9ኛው መንገድ የሚገናኙበት ቆመን እናስብ። ይህን ቦታ አበሻ ሁሉ ያውቀዋል። እንጀራ ቤቱ፣ ቡና ቤቱ፣ ሙዚቃው፣ በአማርኛ የተጻፈው ማስታወቂያ። ከአብዮቱ በኋላ የተሰደዱት ወገኖቻችን መጀመሪያ አዳምስ ሞርጋን የሚባለው ሰፈር፣ በኋላ ደግሞ እዚህ ሱቅ ከፈቱ። ከቃጠሎው በኋላ ለረጅም ጊዜ ተረስቶ የቆየ ሰፈር ነው። እኛ ክትፎ የምንበላበት መንገድ ያኔ የጢስ መንገድ ነበር። ከዚያ በ9ኛው መንገድ ቀጥ ብለህ ወደ ደቡብ ውረድ። መታጠፍ የለም። ግማሽ ሰዓት ብትሄድ ጂ ስትሪት ላይ ጥቁሩን ቤት ታገኘዋለህ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ይህን መንገድ በእግሬ እሄደዋለሁ።

መንገድ ላይ ማውንት ቨርነን አደባባይ የሚገኘውን ነጩን የድሮ ቤተ መጻሕፍት ታልፋለህ። በባለጸጋው አንድሩ ካርኔጊ ገንዘብ ተሠርቶ በ1903 የተከፈተ ነው። ዋሽንግተን ጥቁርና ነጭ ተለያይተው በሚኖሩበት ዘመን እዚያ ቤት ውስጥ ሁሉም በአንድ አዳራሽ ተቀምጦ ያነብ ነበር። ለመጽሐፉ ስለጠበበ ነው ጥቁሩ ቤት የተሠራው። ያ ነጭ ቤተ መጻሕፍት ከ2019 ጀምሮ አፕል ስልክና ኮምፒውተር የሚሸጥበት ሱቅ ነው። በጥንቃቄ አድሰውታል፣ አልዋሽም። ግን ባለፍኩ ቁጥር ቅር ይለኛል።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ለዜግነት ፈተና ሲዘጋጁ አብሬያቸው አጠናሁ። ያኔ የሚጠናው 100 ጥያቄ ነበር፤ መርማሪው እስከ 10 ይጠይቅሃል፣ 6 ካገኘህ አለፍክ። ከሥራ ስንወጣ እዚያ ቤት እንሄዳለን። መግቢያው አዳራሽ ላይ የኪንግን ሕይወት የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል አለ፤ ዶን ሚለር የሚባል ሠዓሊ የሠራው ነው። የተመረቀው በጥር 1986 ነው፤ የኪንግ ልደት የፌዴራል መንግሥቱ በዓል ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ በተከበረበት ወር። ከ100ዎቹ ጥያቄዎች አንዱ "ማርቲን ሉተር ኪንግ ጁኒየር ምን አደረገ?" የሚል ነው። ጋሼ እንግሊዝኛው አፋቸው ላይ አልቀመጥ እያለ ይቸገሩ ነበር። እዚያች ጥያቄ ላይ ስንደርስ ግን ወረቀቱን አጥፈው ወደ ሥዕሉ ዞሩ። "ይሄማ ምን ጥናት ይፈልጋል?" አሉ። "እሱ ባይኖር እኔስ እዚህ ወንበር ላይ እቀመጥ ነበር?" ከዚያ በአማርኛ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ስለ 1960ዎቹ አዲስ አበባ፣ ስለ ተማሪው ሰልፍ፣ ስለ ጓደኞቻቸው ረጅም ነገር አወሩኝ። በዚያ ቀን ሌላ ጥያቄ አላጠናንም። ፈተናውን ከሁለት ወር በኋላ አለፉ።

ዲሲ በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አውጥታለች። በሕጉ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ወረቀቶቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በሰው አገር የመንግሥት መሥሪያ ቤት ባንኮኒ ላይ "እንኳን ደህና መጡ" የሚል ፊደል ማየት ትንሽ ነገር አይደለም። እንግሊዝኛ ለማይችሉ እናትና አባት ደግሞ ጌጥ አይደለም፤ ሕክምና ማግኘትና አለማግኘት ማለት ነው።

ስለዚያ ቤት ሳወራ መደበቅ የማልፈልገው ነገር አለ። ጠዋት በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚገቡት መጠለያ ያደሩ ሰዎች ናቸው። ንብረታቸው ሁሉ በአንድ ሻንጣ ነው። ይሞቃሉ፣ ስልካቸውን ይሞላሉ፣ ኮምፒውተር ላይ ሥራ ይፈልጋሉ፣ አንዳንዶቹ ወንበር ላይ ያንቀላፋሉ። በዚህ ምክንያት ቤቱን የሚሸሹ ነበሩ። "ቤተ መጻሕፍት መሆኑ ቀርቷል" ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ ግን በእነሱና በእኔ መሃል ያለው ልዩነት ያኔ ምን ያህል እንደሆነ አውቀዋለሁ። ሁለት ደሞዝ ነው። የከተማው ቤተ መጻሕፍትም አላባረራቸውም፤ በ2014 ቤት የሌላቸውን ሰዎች ጉዳይ የሚከታተል የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ቀጠረ። መጽሐፍ የሚያበድር መሥሪያ ቤት ይህን ማድረጉ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ሕንፃው ራሱም ለረጅም ዓመታት ተጎድቷል። በጀት አልተመደበለትም። ደረጃዎቹ በጡብ ማማዎቹ ውስጥ የተደበቁ ስለሆኑ ጨለማ ነበሩ። በ2000ዎቹ አጋማሽ ሌላ ቦታ አዲስ ዋና ቤተ መጻሕፍት ይሠራ የሚል ሐሳብ ከከንቲባው ቢሮ መጥቶ ነበር። በ2007 ግን ቤቱ በቅርስነት ተመዘገበ፤ ማፍረስ ቀረ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ እንዴት ይታደስ የሚል ሆነ።

በመጋቢት 2017 ተዘጋ። ለሦስት ዓመት ተኩል ያህል በአጥር ተከቦ ነው ያየሁት። ሥራው 211 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። የነደፉት ፍራንሲን ሆውበን የምትመራው ሜካኖ የተባለ የኔዘርላንድ ቢሮና ኦቲጄ የተባለ የዋሽንግተን ቢሮ ናቸው። በመስከረም 2020 ሲከፈት ጊዜው የኮሮና ነው፤ ሁላችንም ማስክ አድርገን ነው የገባነው።

ሆውበን ያደረገችው ነገር ደስ ይለኛል። የሚስን ውጫዊ መልክ አልነካችም። ጥቁሩ ያው ጥቁር ነው። የጡብ ማማዎቹን ግን ከፈተቻቸው። የተደበቀው ደረጃ አሁን ሰፊና ጥምዝ ሆኖ፣ ከላይ ብርሃን እየወረደበት፣ ከታች እስከ ላይ ይወጣል። በማስመሪያ በተሠመረው ቤት ውስጥ ክብ ነገር አስገባች። ይህን እንደ ክህደት የሚያዩ የሚስ አድናቂዎች ይኖራሉ። አልስማማም። ድንኳኑ የተተከለው ሊለዋወጥ ነው። ወለሉ ክፍት ሆኖ ባይቆያት ኖሮ ይህን ሁሉ የት ታስገባው ነበር?

ምን ገባ? የልጆቹ ክፍል ውስጥ ሸርተቴ አለ፤ አዎ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሸርተቴ። ምድር ቤቱ ውስጥ የልብስ ስፌት መኪና፣ ሦስት ገጽታ ያለው ነገር የሚያትም ማሽን፣ ሙዚቃ የሚቀዳበት ስቱዲዮ አለ። አዳራሽ አለ። 4ኛው ፎቅ ላይ የከተማው ሕዝብ ታሪክ ይቀመጣል፤ የሰፈር ፎቶ፣ ካርታ፣ የዲሲ ሙዚቃ ሰነድ። ከዚያ በላይ አንድ ፎቅ ተጨምሯል፤ ጣሪያው ላይ ደግሞ አበባና ሣር ያለው በረንዳ። ማንም ይወጣል። መሃል ዋሽንግተን ውስጥ ሳይከፍሉ የሚቀመጡበት የጣሪያ በረንዳ ማግኘት ማለት ምን ማለት እንደሆነ እዚህ የኖረ ሰው ያውቀዋል። ዘግይተህ ለመለስከው መጽሐፍ ቅጣት የለም። የዚያ ቅጣት ፍርሃት ስንቱን ድሃ ከመጽሐፍ እንዳራቀ አስቡት።

ያው ሁሉም አልጋ በአልጋ አይደለም። በዙሪያው የቤት ኪራይ ሰማይ ነክቷል። ቤቱ ያስፈልጋቸው ከነበሩት ብዙዎቹ አሁን ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ናቸው። ጋሼም ርቀው ሄደዋል፤ ለመምጣት ባቡር ሁለት ይቀይራሉ። ግን ይመጣሉ።

ባለፈው ዓመት እማዬ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጣች። መጀመሪያ የወሰድኳት እዚያ ነው። በሩ ላይ ስንደርስ ቦርሳዋን ከፈተችና ለፍተሻ ሁለት እጇን ዘረጋች። ጥበቃው ደነገጠ። ከዚያ ፈገግ አለና "ደህና ዋሉ" ዓይነት ሰላምታ ሰጣት። እሷም አንገቷን ዝቅ አድርጋ አመሰገነችው። ውስጥ ስንገባ በሹክሹክታ "አልፈተሹኝም እኮ" አለችኝ።

"አይፈትሹም።"

"መታወቂያም?"

"አይጠይቁም።"

"ባለቤቱ ማነው?"

"የሕዝብ ነው፣ እማዬ።"

ዝም አለች። ያመነችኝ አይመስለኝም። ጥምዙን ደረጃ ይዘን ቀስ እያልን ወጣን፤ በየፎቁ እያረፈች፣ መደገፊያውን በእጇ እየዳበሰች። ትልቁ የንባብ ክፍል ውስጥ ስንገባ መስኮቱ አጠገብ ወንበር መረጠችና ከቦርሳዋ ዳዊቷን አወጣች። እዚያ ሁሉ መጽሐፍ መሃል የራሷን ይዛ መጥታለች። አንድ ሰዓት ያህል ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች። ከፊት ለፊቷ አንድ ሽማግሌ ሻንጣውን እግሩ ሥር አድርጎ፣ ወፍራም የታሪክ መጽሐፍ ከፍቶ፣ በአንድ ጣቱ መስመሩን እየተከተለ ያነባል። ኮቱ ሁለት ነው፤ አንዱ በአንዱ ላይ።

ሊዘጋ ነው የሚል ማስታወቂያ በድምፅ ማጉያው ተነገረ። እማዬ ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ዳዊቷን ሳመችና ዘጋችው። ከዚያ ሽማግሌውን በዓይኗ እያሳየችኝ "ሲዘጋስ ወዴት ይሄዳሉ?" አለችኝ።

ሰውዬው መጽሐፉ ውስጥ አንድ ቁራጭ ወረቀት ሰካ። ተነሥቶ ወደ መደርደሪያው ሄደና በፊት ወደ ነበረበት ቦታ በጥንቃቄ መለሰው።